ከሕፃን ልጅ ጋር ጐረቤት አገር ስለ መጐብኘት

(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ የማቀርብላችሁ ነገር ከመሥሪያ ቤት ጭውውት የተነሣ ነው። ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዓመት ዕረፍቱን ጠይቆ እንደ ተፈቀደለት ቢነግረኝ፣ «ወዴት ልትሄድ አስበሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም ሣቅ ብሎ፣ «የሁለት ዓመት ልጅ ያለው ሰው ወዴት ይሄዳል? ልጁ እስኪያድግ ቤቴን እጠብቃለሁ» አለኝ። ይህን የሚለው እርሱ ብቻ አይደለም። ብዙው ደመወዝተኛ ወደ ሌላ አገር ሄዶ የሰውን ታሪክና ልማድ ማየትን ለባለጠጋ ወይም ላላገባ ሰው ብቻ የተሰጠ ዕድል አድርጎ ይቈጥረዋል። ሕፃን በመካከል ሲገባማ ነገሩ ከነጭራሹ የማይሞከር ይመስለዋል።

እኔ ግን ከባለቤቴና ያን ጊዜ ዓመት ከስምንት ወር ከሆናት ልጃችን ጋር ሞክሬ አይቼዋለሁና፣ የተማርሁትን፣ ስሕተቴንም ሳልደብቅ፣ ልነግራችሁ እወዳለሁ። ነገሬም ባጭሩ ይህ ነው፤ ጉዞውን የሚያከብደውና ወጪውን የሚያበዛው ሕፃኑ አይደለም፤ ትልልቆቹ ሕፃን ይዘው በራሳቸው እርምጃ ሊሄዱ መፈለጋቸው ነው። ጉዞው በሕፃኑ እርምጃ የተለካ እንደ ሆነ ወጪው ያንሳል፤ የሚታየውም ነገር በቍጥር ቢያንስ እንኳ በልብ ውስጥ ጠልቆ ይቀራል።

በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «የት እንሂድ?» የሚለው ነው። እኔ ለምሳሌ የማነሣው እኛ የሄድንበትን፣ ጐረቤታችንን ኬንያን ነው። ምክንያቱም ሦስት ነው። አንደኛ፤ ቅርብ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ በአውሮፕላን 2 ሰዓት ያህል ነው፤ ሕፃኑ አንድ እንቅልፍ ተኝቶ ሲነቃ ተደርሷል። ሁለተኛ፤ ኢትዮጵያና ኬንያ አንዳቸው የሌላውን ዜጋ ቪዛ አይጠይቁም። ስለዚህ ለቪዛ የሚከፈለው ገንዘብና በኤምባሲ ደጅ የሚጠፋው ቀን ይቀራል። ይሁን እንጂ የመግቢያ ደንብ የሚለዋወጥ ነገር ስለ ሆነ፣ ከመነሣት በፊት አየር መንገዱን ጠይቆ ማረጋገጥ ደግ ነው። ሦስተኛ፤ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት የተለያየ ዓለም ይታያል። አንዱ በደጋው ላይ ያለው ናይሮቢ ነው፤ ሁለተኛው በህንድ ውቅያኖስ ዳር፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ከዐረብና ከህንድ ነጋዴዎች ጋር ሲገበያይ የኖረው የስዋሂሊ ሕዝብ ከተማ ሞምባሳ ነው።

«በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ብንሄድ ይረክስ የለምን?» የሚል ይኖራል። በወረቀት ላይ ሲሰላ እውነት ይረክሳል። ነገር ግን መንገዱ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ለሕፃን ሲባል በየመንገዱ የሚታደርበትና የሚበላበት ሲደመር፣ የሕፃኑም ድካም ሲታሰብ፣ የተረፈው ገንዘብ ትርፍ አይባልም። የአውቶቡሱን መንገድ ልጁ ሲያድግ ይደርስበታል።

ከቦታው ቀጥሎ የሚታሰበው ጊዜው ነው። እዚህ ላይ የሕፃኑ የልደት ቀን ራሱ ገንዘብ ነው። በአየር መንገዶች ዘንድ በተለመደው ደንብ 2 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወላጁ ጭን ሆኖ ሲሄድ የሚከፈልለት የትልቅ ሰው ዋጋ 10 በመቶ ያህል ነው። 2 ዓመት ሲሞላው ግን የራሱ መቀመጫ ይያዝለታል፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ወደ 75 በመቶ ይወጣል። የልደቱ ቀን በመሄጃውና በመመለሻው መካከል ቢውል፣ ለመመለሻው መቀመጫ መግዛት ግድ ይሆናልና ይህን አስቀድሞ መቍጠር ያስፈልጋል። ስለ ወራቱም የተናገርን እንደ ሆነ፣ በሞምባሳ ትልቁ ዝናብ የሚዘንበው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደግሞ ሙቀቱ ለሕፃን የሚከብድ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ግን አየሩ ለስለስ ይላል። ይህም እኛ ዘንድ ዝናቡና ጭቃው የሚበረታበት ክረምት ስለ ሆነ፣ የዓመት ዕረፍትን በዚያ ወራት መውሰድ ሁለት ጥቅም አለው።

ከዚህ በኋላ ወረቀቱና ጤናው ይመጣል። ሕፃኑ ምንም ትንሽ ቢሆን የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ከወላጆቹ አንዱ ብቻ ይዞት የሚሄድ ከሆነ፣ የሌላው ወላጅ ፈቃድ የተረጋገጠበት ደብዳቤ ቢያዝ ከብዙ ጥያቄ ያድናል። የቢጫ ወባ ክትባትም ከ9 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለ ሆነ ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው አይደለም። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ወረቀቱ ለዕድሜ ልኩ ያገለግለዋል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ ወደምፈልገው ነገር ደረስሁ፤ እርሱም ወባ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፣ በውስጧ ተወልዶ ያደገ ሕፃን ወባን አያውቃትም፤ ደሙም አልተለማመዳትም። ሞምባሳ ግን በባሕር ዳር ያለች ቈላ ናት፤ ወባ አለባት። ስለዚህ ከጉዞው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሕፃኑን ወደ ሐኪም ወስዶ፣ ለክብደቱ የሚስማማ መከላከያ መድኃኒት እንደሚያስፈልገው መጠየቅ ይገባል። የወባ ትንኝ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና፣ ጀምበር ስትጠልቅ እጅጌው ረዥም ልብስ ማልበስ፣ መድኃኒት የተነከረ ትንሽ አጎበርም ከቤት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ በማደሪያው ያለው አጎበር ቀዳዳ ሊኖረው ይችላልና። ደግሞም በሽታው ከተነደፉ በኋላ ሰባት ቀን ያህል ሳይሞላ አይታይም፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ሳምንት ይቈያል፤ አንዳንድ ጊዜ ከዚያም በላይ ይዘገያል። እንግዲህ ሕፃኑ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ቢያተኵሰው «ብርድ መትቶት ነው» ብሎ ማሳደር አይገባም። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ወስዶ፣ «ሞምባሳ ነበርን፤ ደሙ ይመርመርልን» ማለት የሕፃኑን ሕይወት ሊያድን ይችላል። ከሌላው ነገር ሁሉ መቈጠብ ይቻላል፤ ከዚህ ግን አይቻልም።

ስለ ገንዘቡም የተሻለው ዘዴ ያለውን በአምስት ከፍሎ መጻፍ ነው፤ ለቲኬት፣ ለማደሪያ፣ ለምግብ፣ ለመግቢያና ለመጓጓዣ፣ አምስተኛውም ለማይታሰብ ችግር። ይህ አምስተኛው እስከ መመለሻው ቀን የማይነካ ነው። ከሆቴል ይልቅ ማብሰያ ያለውን ቤት መከራየት ይሻላል። ሕፃን በሰዓቱ ካልበላ ስለማይታገሥ፣ ማብሰያ የሌለው ሰው በራበው ሕፃን ልቅሶ ምክንያት በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ቤት ይገባል፤ ያዘዘውንም ሕፃኑ አይበላለትም። ማብሰያ ካለ ግን ዕንቍላል፣ ሩዝ፣ ሙዝና ወተት በየገበያው አለ። ኬንያውያን «ኡጂ» የሚሉት የእህል አጥሚት አላቸው፤ «ኡጋሊ» የሚሉትም ከገንፎ ጋር የሚቀራረብ ነው። ልጃችን እነዚህን ሁለቱን ስታገኝ ከቤቷ የወጣች አልመሰላትም።

ለአጠቃላይ ጉዞው 10 ቀን ይበቃል። አንደኛው ቀን የመድረሻና የዕረፍት ነው፤ ሁለት ቀን ለናይሮቢ፣ አንድ ቀን ለባቡር፣ አራት ቀን ለሞምባሳ፣ አንድ ቀን ለመልስ ባቡር፣ የመጨረሻውም ወደ አገር ለመመለስ ይሆናል። በእያንዳንዱ ቀን የሚጐበኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። እርሱም በጧት ይታያል፤ እኩለ ቀን የሕፃኑ እንቅልፍ ነው፤ ማታ ደግሞ በአየር ላይ መንሸራሸር ነው።

በናይሮቢ የሚታየው የመጀመሪያው ነገር ብሔራዊ ሙዚየሙ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1984 በቱርካና ሐይቅ ምዕራብ የተገኘው፣ ዕድሜው 1.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሚሆነው «የቱርካና ልጅ» የሚባለው ዐፅም ንብረትነቱ የዚህ ሙዚየም ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ሳያድግ የሞተ ልጅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፤ ወደ ናይሮቢ ከመሄድ በፊት በአንድ ቅዳሜ ሕፃኑን ይዞ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየማችን መሄድ ነው። በዚያ በ1974 በሐዳር ከተገኘችው ከድንቅነሽ ሌላ፣ በ2000 በዲኪካ የተገኘችው፣ ሦስት ዓመት ሳይበልጣት እንደ ሞተች የሚገመተው ሕፃን ሰላም አለች፤ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። ይህ ጕብኝት ሁለት ጥቅም ይሰጣል። ወላጆች በናይሮቢ የሚያዩትን ከምን ጋር እንደሚያስተያዩት ያውቃሉ፤ ሕፃኑም በሙዚየም ውስጥ ስንት ደቂቃ ሊታገሥ እንደሚችል በቅርብና በጥቂት ወጪ ይፈተናል። የእኛዋ 40 ደቂቃ ታግሣለች፤ በናይሮቢም ከዚያ አላስበለጥናትም።

በሁለተኛው ቀን የባቡር ሙዚየሙን ማየት ለሕፃንም ለትልቅም ደስ ያሰኛል፤ አሮጌዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች ልጁ በእጁ ይዳስሳቸዋል። ናይሮቢ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። እንግሊዞች በ1896 ከሞምባሳ ጀምረው የዘረጉት ሐዲድ በ1899 በዚህ ስፍራ ሲደርስ የዕቃ ማከማቻ ተሠራ፤ ከተማይቱም ከዚያ በቀለች። የድሬዳዋን አመሠራረት የሚያውቅ ሰው ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም። በከተማይቱም ውስጥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የሚጠራ ሰፊ መንገድ አለ።

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ መሄጃው አዲሱ ባቡር ነው፤ አገልግሎት የጀመረው በ2017 ነው። ከ470 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን መንገድ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ባለ ጊዜ ያደርሳል። በ2024 መጀመሪያ በተደረገው ጭማሪ የተራው ማዕርግ ዋጋ ከ1,000 ወደ 1,500 የኬንያ ሽልንግ ከፍ ብሏል፤ ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ግን ያለ ክፍያ ይሄዳል። በባቡር ውስጥ ሕፃን ተነሥቶ ይመላለሳል፤ ሲደክመው ይተኛል። በጧቱ ባቡር የሄደ ሰው የጻቮን ምድር ሲያቋርጥ፣ ከአገሩ ቀይ አፈር የተነሣ ቀይ የመሰሉ ዝሆኖችን በመስኮት ለማየት ዕድል አለው፤ ለዚህ ደግሞ የሚከፈል መግቢያ የለም። ማሳሰቢያዬ ሁለት ነው። ቲኬቱ በተለይ ኬንያውያን ተማሪዎች ዕረፍት በሚወጡበት በኦገስት ቶሎ ስለሚያልቅ ቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል። የናይሮቢው ጣቢያም ከመካከለኛው ከተማ ውጭ ስለ ሆነ፣ የዕቃውም ፍተሻ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ ይገባል።

በሞምባሳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ፎርት ጂሰስ የሚባለው ምሽግ ነው። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 ድረስ በካይራቲ የሚባል ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ንድፍ ያሠሩት ነው። የዑማን ዐረቦች በ1696 ከበው በ1698 ያዙት፤ በእንግሊዞች ዘመን ወህኒ ቤት ነበር፤ አሁን ሙዚየም ነው፤ በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የእኛን የ16ኛውን መቶ ዓመት ታሪክ ያነበበ ሰው እነዚህን ፖርቱጋሎች ያውቃቸዋል። በ1498 በሞምባሳ በኩል ያለፈው ቫስኮ ዳ ጋማ፣ በ1541 ዐፄ ገላውዴዎስን ሊረዳ ምፅዋ የወረደው የክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ አባት ነው። በዚያ ግንብ ላይ ቆሞ ባሕሩን ሲመለከቱ፣ የአገራችን ታሪክ ከዚህ ባሕር ጋር ምን ያህል የተያያዘ እንደ ሆነ ይታሰባል።

እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን ይህን ሁሉ አላየሁም። በስሕተቴ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት አንዱን የመኪና ነጂ «ነገ በስንት ሰዓት ትመጣለህ?» ብለው በቋንቋው «ሳ ታቱ» አለኝ፤ ትርጓሜው ሦስት ሰዓት ማለት ነው። እኔም በውጭ አገር መሆኔን አስቤ፣ «ከቀትር በኋላ በአውሮፓ ሰዓት ማለቱ ነው፤ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው» ብዬ ተማመንሁ። በማግሥቱ ጧት በእኛ አቈጣጠር ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ለካስ የስዋሂሊ ሕዝብ ሰዓቱን የሚቈጥረው እንደ እኛ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ኖሯል! ሰውዬው የነገረኝ እናቴ በምትቈጥርበት ሰዓት ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ልጃችን ገና ቍርሷን አልበላችም፤ ልብሷም አልደረቀም። ተሰናድተን ምሽጉ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። የሙቀቱ ጊዜ፣ የእንቅልፏም ጊዜ ነበርና ፊቷ ቀልቶ አለቀሰች። ሩብ ሰዓት ሳንቈይ ወጣን፤ የሁለት ሰው መግቢያ በከንቱ ከፈልን። የባቡርና የአውሮፕላን ቲኬት ግን የሚጻፈው በአውሮፓ ሰዓት ስለ ሆነ፣ በአፍ የተነገረውንና በወረቀት የተጻፈውን ለይታችሁ ጠይቁ።

ከሁለት ቀን በኋላ በጧት፣ በሕፃኗ ሰዓት፣ ተመለስን። እንደ ገና ከፍለን ገባን። እርሷ በመድፎቹ አጠገብ ጠጠር ስትለቅም እኛ ግንቡን በዝግታ አየን። ከዚያም ወጥተን በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች ስንሄድ፣ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ «አልሄድም» አለች። የቆመችበት ምክንያት በር ነበር፤ አበባና ሐረግ የተቀረጸበት፣ ለስዋሂሊ ሕዝብ መታወቂያው የሆነ የእንጨት በር። እኛ በራሳችን እርምጃ ብንሄድ ኖሮ አልፈነው ነበር። በመካከሉ በሩ ተከፈተና አንዲት አሮጊት ወጡ። ልጅቱን አይተው ሣቁ፤ «ምቶቶ» አሉ፤ ሕፃን ማለታቸው ነው። በባለቤቴ ጀርባ ያለውን አንቀልባ ዳሰስ አድርገው አዩና፣ ትከሻቸው ላይ የነበረውን «ሌሶ» የሚባል ጨርቅ አውርደው እነርሱ ልጅ እንዴት እንደሚያዝሉ አሳዩን። በሌሶው ጫፍ ላይ እንደ አገሩ ልማድ አንድ አነጋገር ታትሞበታል። ሁለቱ እናቶች በቋንቋ ሳይግባቡ በልጅ አስተቃቀፍ ተግባቡ። ከጉዞአችን ሁሉ ባለቤቴ እስከ ዛሬ የምታወራው ስለዚህች ሰዓት ነው፤ ያወጣነውም ገንዘብ አልነበረም።

ማታ ማታም ብዙ ወጪ የሌለው መዝናኛ አለ። በባሕሩ ዳር በማማ ንጊና መንገድ በትልልቆቹ የባኦባብ ዛፎች ሥር ቤተ ሰብ ሁሉ ይንሸራሸራል፤ የተጠበሰ ካሳቫም ይሸጣል። ደሴቲቱን ከደቡቡ ምድር የሚያገናኘው የሊኮኒ ጀልባ እግረኛን ያለ ክፍያ ያሻግራል፤ ሕዝቡ ብዙ ስለ ሆነ ግን ሕፃኑን ማዘል ያስፈልጋል።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ባልደረባዬም ይህን ሁሉ ሰምቶ ጠይቆኛል፤ «ልጅቱ ስታድግ ምንም አታስታውስ፤ ታዲያ ምን ጠቀማት?» አለኝ። እውነት ነው፤ ምሽጉን አታስታውስም። ነገር ግን ወላጅ ለልጁ የሚያደርገው ነገር ሁሉ እንዲታወስለት አይደለም። ልጅቱ እንግዳ ፊት አይታ አልፈራችም፤ የማታውቀውን ቋንቋ የሚናገሩ አሮጊት ሲሥቁላት ሣቀች። እኛም ጐረቤታችን ሰዓቱን እንደ እኛ እንደሚቈጥር፣ ልጁን እንደ እኛ እንደሚያዝል አወቅን። ይህን ለማወቅ ባለጠጋ መሆን አያስፈልግም። ሆኖም ለጉዞው ብድር መግባት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ወይም ሕፃኑ ታሞ የሰነበተ እንደ ሆነ፣ መተው ይሻላል፤ ምሽጉ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ለከርሞም ይጠብቃል።

የስዋሂሊ ሕዝብ «ሐራካ ሐራካ ሐይና ባራካ» የሚል ምሳሌ አለው፤ ችኰላ በረከት የለውም ማለት ነው። የእኛም አባቶች «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ብለዋል። ሕፃን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ሁለቱም ምሳሌዎች አንድ ምክር ናቸው።